የሁዳዴ ሽንኩርት በመስከረም ይዘራል

በ2016 ዓ.ም. በደብረ ዘይት ሰሞን፣ የዐቢይ ጾም እኩሌታ በሆነበት ሳምንት፣ በይፋግ ገበያ አንዲት እናት ከሽንኩርት ነጋዴ ፊት ቆመው አየናቸው። ሦስት ራስ ሽንኩርት አንሥተው በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉ፤ ዋጋውን ጠየቁ፤ ሦስተኛውን መልሰው አስቀመጡ፤ ጥቂት አስበውም ሁለተኛውን መለሱና አንዱን ራስ ብቻ ገዝተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ። እኚህ እናት ጎረቤታችን ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ አራት ልጆች ያሳድጋሉ። ከቤታቸው ጀርባም ከቦይ ውኃ የሚደርሰው፣ ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር ያህል የሚሆን ጓሮ አላቸው።

ያ አንድ ራስ ሽንኩርት ቀኑን ሙሉ ከልባችን አልወጣም። አመሻሽ ላይ ደጃቸውን ረግጠን፣ «እታለም፣ ውኃ ያለው ጓሮ ይዘው ስለ ምን በጾም ሽንኩርት ይገዛሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። «መምህር፣ ጓሮውማ ሽንኩርት ያበቅላል፤ ነገር ግን እኔ የምዘራው ሰብሉን ሰብስቤ፣ ብርዱ ሲያልፍልኝ ነው። እሱም የሚደርሰው ሁልጊዜ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ሽንኩርት እንደ ድንጋይ በረከሰ ጊዜ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ምን ይበቅላል ብለው ነው?» አሉን።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። መልሱን ያገኘነው ግን በአንድ ጊዜ አይደለም፤ በመካከሉም እኛ ራሳችን ተሳስተን ሰው አስቸግረናል፤ እርሱንም ሳንደብቅ እንጽፈዋለን።

አስቀድሞ ሒሳቡን እንመልከት። የዐቢይ ጾም መግቢያ እንደ ባሕረ ሐሳቡ ቀመር ከየካቲት 1 ቀን ቀድሞ አይገባም፤ ከመጋቢት 5 ቀንም አያልፍም። በ2017 ዓ.ም. የካቲት 17 ቀን ገባ፤ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ የካቲት 9 ቀን። ጾሙ 55 ቀን ነውና ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ሽንኩርት በበኩሉ የራሱ ቀመር አለው። ዘሩ በችግኝ መደብ ላይ 50 ቀን ያህል ይቆያል፤ ከተዛወረ በኋላ ደግሞ ራሱን አስሮ እስኪደርስ፣ ቦምቤ ሬድ የሚባለው ፈጣን ዘር እንኳ ቢሆን፣ ወደ 100 ቀን ይፈልጋል። እንግዲህ ጎረቤታችን እንደሚያደርጉት ኅዳር 20 ቀን የተዘራ ሽንኩርት ጥር 10 ቀን ይዛወራል፤ ሚያዝያ 20 ቀን ይደርሳል። በ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ነበረ፤ በ2018 ሚያዝያ 4 ቀን። በሁለቱም ዓመት ሽንኩርቱ የሚደርሰው ዶሮ ወጡ ከተበላ በኋላ ነው ማለት ነው። መስከረም 20 ቀን የተዘራ ግን ኅዳር 10 ቀን ተዛውሮ የካቲት 20 ቀን ለምጣድና ለድስት ይበቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ወር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ያ ሁለት ወር አንድ ራስ ሽንኩርት በነጠላ ጫፍ ቋጥሮ በመሄድና በማዳበሪያ ሞልቶ ወደ ቤት በማስገባት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

አጽዋማቱን ሁሉ አጥብቆ የሚጾም ምእመን በዓመት ወደ 250 ቀን ያህል ከሥጋና ከወተት ይርቃል። ስለዚህ ለኦርቶዶክሳዊ ቤት አታክልት እንደ ጌጥ ወይም እንደ ቅንጦት የሚቆጠር ነገር አይደለም። ሽሮው ያለ ሽንኩርት፣ ምስሩ ያለ ቲማቲም፣ እንጀራው ያለ ጎመን ሲሆን የሚጐዱት ይልቁንም ልጆችና የሚያጠቡ እናቶች ናቸው። ነቢዩ ዳንኤልና ባልንጀሮቹ በባቢሎን አታክልት እየበሉ ከንጉሡ ማዕድ ከሚበሉት ይልቅ ፊታቸው አምሮ መታየቱን ሁላችን እናነባለን፤ እስራኤልም በምድረ በዳ ሳሉ ከግብፅ ምግብ የናፈቁት ኪያሩን፣ ሽንኩርቱንና ነጭ ሽንኩርቱን ጭምር ነበረ። ማጉረምረማቸው ባያስመሰግንም የሽንኩርት ናፍቆታቸው ግን ለሰሚው እንግዳ አይደለም።

ስለ ወቅቱም ጥቂት እንበል፤ በዚህ ነገር በቤተ ክርስቲያን የተማረና በዘመናዊ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ አይግባቡምና። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው ሐጋይ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጸደይ፣ የቀረው ክረምት ይባላል። በትምህርት ቤት ግን አበባው ስለሚፈካ ብቻ መስከረምን «ጸደይ» እያሉ የሚያስተምሩ ጥቂቶች አይደሉም። ነገሩ የስም ክርክር ብቻ ቢሆን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን በፈረንጅ አገር የተጻፈ የአታክልት መጽሐፍ «በጸደይ ዝራ» ሲል የሚናገረው በረዶው ቀልጦ ቀኑ እየሞቀ ስለሚሄድበት ወራት ነው። በእኛ አገር ከመስከረም ወዲያ ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የፈረንጁ ገበሬ ብርድን ከኋላው ትቶ ይዘራል፤ እኛ ግን ብርድን ከፊታችን አድርገን እንዘራለን። መጽሐፉን እንዳለ የተከተለ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሌሊቱ የሚቀዘቅዝበት ምክንያት ግልጽ ነው። በክረምት ደመናው እንደ ጋቢ ምድርን ሸፍኖ የቀኑን ሙቀት ያቆያል። መስከረም ሲጠባ ጋቢው ይገፈፋል፤ ሰማዩ ይጠራል፤ ምድርም ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ጠራው ሰማይ ትለቃለች። ነፋስ በሌለበትና ከዋክብት ጐልተው በሚታዩበት ሌሊት ይህ ነገር ይብሳል። ከፍታም አለ፤ አንድ ሰው 100 ሜትር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አየሩ ወደ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ይፋግ ደግሞ ከጣና ሜዳ ጠርዝ ላይ፣ ከእርስዋ 800 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ትገኛለች። ልዩነቱ 5 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው የጉና ተራራ እግር ሥር ያሉት ቀበሌዎች በኅዳርና በታኅሣሥ አመዳይ ሲወርድባቸው፣ ከዚያው ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የሚያጠጡት ቈላማው ሜዳ ግን ብዙውን ጊዜ ከአመዳይ ይድናል። በይፋግ ብርድ ችግኝን አዘግይቶ ያሰንፋል እንጂ ባንድ ሌሊት አይገድልም። በደጋው ግን ይገድላል። አንድ ምክር ለሁለቱም አይሆንም።

የማዘግየቱ ነገር ከሚታሰበው በላይ ነው። የቲማቲም ዘር አፈሩ 25 ዲግሪ ሲሞቅ በ6 ቀን ገደማ ብቅ ይላል፤ በ15 ዲግሪ ሁለት ሱባኤ ይፈጅበታል፤ በ10 ዲግሪ ግን ከ40 ቀን በላይ ይቀመጣል፤ ከዚያም ብዙው በስብሶ ይቀራል። ሽንኩርት ከቲማቲም ይልቅ ብርድ ይችላል፤ በ20 ዲግሪ በ5 ቀን፣ በ10 ዲግሪ በ13 ቀን ይበቅላል። ጥቅል ጎመን በሁለቱ መካከል ነው። እንግዲህ ቀድሞ የመዝራት ጥበብ ሁሉ የሚያርፈው ዘሩ የተኛባትን ያችን አንዲት ጋት አፈር ማሞቅ ላይ ነው።

ይህም ጥበብ አዲስ አይደለም። ጌታችን በሥጋው ወራት ሲመላለስ በሮም የነገሠው ጢባርዮስ ቄሣር ኪያር እጅግ ይወድ ነበርና አታክልተኞቹ ኪያሩን መንኰራኵር ባለው መደብ ላይ ተክለው ፀሐይ ወዳለበት እየገፉ፣ ሲበርድም ብርሃን በሚያሳልፍ ድንጋይ እየሸፈኑ ዓመቱን ሙሉ ያበሉት እንደ ነበር ፕሊኒ የተባለው የሮም ጸሐፊ ጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት የፓሪስ አታክልተኞች ከከተማው የፈረስ ጋጣዎች የሚወጣውን ፋንድያ እየገዙ፣ በእርሱ ሙቀት ላይ፣ ደወል በሚመስል ብርጭቆ ሥር፣ በክረምታቸው እኩሌታ ሰላጣና ራዲሽ ያደርሱ ነበር። መኪና ፈረስን ሲተካ ፋንድያው ጠፋና ሥራው ተዳከመ። ዛሬ በእኛም አገር በዝዋይና በሆለታ ጽጌረዳ የሚያድግባቸው ሰፋፊ የላስቲክ ቤቶች አሉ። እነዚያ ለድሃ ጓሮ አይሆኑም፤ ይፋግ ግን እስከ ዛሬ ፈረስና በቅሎ፣ ይልቁንም አህያ፣ አላጣችም።

ከሳምንቱ ወሬ ሳንወጣ ስለ ይፋግ አንድ ነገር እናንሣ። ይህች ከተማ በ19ኛው መቶ ዓመት በሰፊ ገበያዋና በወይን ተክሏ በመንገደኞች ዘንድ የታወቀች ነበረች። ዛሬ ስለ አታክልት ስናወራ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙን ይህን እናስታውሳቸዋለን። እርግጥ ነው፤ ድንች ወደ አገራችን የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 ገደማ ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እጅ እንደ ሆነ ይነገራል፤ ቲማቲምና ቃሪያም ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። የሀበሻ ጎመን ግን የዚህችው ምድር ልጅ ነው። በመጽሐፍም ቢሆን አክዓብ የናቡቴን ወይን ሲመኝ የአታክልት ቦታ ላደርገው እፈልጋለሁ ነበር ያለው፤ የጓሮ አታክልት በሰማርያ ንጉሥ ቤተ መንግሥት አጠገብ የከበረ ነገር ነበረና።

ወደ ጎረቤታችን ጓሮ እንመለስ። በ2016 ክረምት ላይ ምክራችንን ተቀብለው ለመስከረም ተዘጋጁ። 100 ካሬ ሜትር ለመትከል 40 ግራም ያህል የሽንኩርት ዘር ይበቃል። የሽንኩርት ዘር ግን ቶሎ የሚያረጅ ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ዘር ከግማሽ በላዩ ላይበቅል ይችላል፤ በገበያም አሮጌው ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል። ስለዚህ አስቀድመን 100 ፍሬ ቈጥረን በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለን ከምድጃው አጠገብ አኖርነው። በዐሥረኛው ቀን ፈተን ብንቈጥር 78 ፍሬ አብቅሏል። ዘሩ ደኅና ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የእኛ ነው። «መቅደም ነው ዋናው» እያልን አጣደፍናቸውና መስከረም 8 ቀን 2017 ዘሩት። ዝናቡ ገና አልለቀቀም ነበር። መደቡ ከምድር እኩል ነበር፤ ዘሩም ጥቅጥቅ ብሎ ተበተነ፤ ሣሩም በላዩ ላይ ከሚገባው በላይ ሰነበተ። ችግኙ ብቅ ብሎ ለሁለት ቀን ያህል አረንጓዴ ሐር መስሎ ታየና በሦስተኛው ቀን ከሥሩ እየቀጠነ፣ እንደ ታጨደ ሣር እየተጋደመ መሞት ጀመረ። ይህ ችግኝ አጠውላጊ የሚባለው በሽታ ነው። የሚያመጡት በአፈር ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ የሻጋታ ወገኖች ናቸው፤ የሚያሰለጥናቸውም እርጥበት፣ ቅዝቃዜ፣ መጨናነቅና ንፋስ ማጣት ነው። እኛ አራቱንም አሟልተን አቅርበንላቸው ነበር። ከመደቡ የተረፈው ሁለት እፍኝ ችግኝ ብቻ ሆነ።

እናቲቱ ምንም አልተናገሩንም። በማግሥቱ ግን ጓሮው ውስጥ ትጭር የነበረችው ነጭ ዶሯቸው አለመኖሯን ልጃቸው ነገረን፤ ለሁለተኛው ዘር ሸጠዋት ነበር። የዘሩን ዋጋ እንክፈል ብንላቸው፣ «መምህር፣ የተማከርነው ሁለታችን ነን፤ የሞተውም የሁለታችን ነው» ብለው እምቢ አሉ። ከዚያ ወዲህ «መቅደም ነው ዋናው» የሚለውን ቃል ለሰው ስንናገር ድምፃችን ዝቅ ይላል።

ሁለተኛውን መስከረም 24 ቀን ዘራን። መደቡ 1 ሜትር ስፋት ኖሮት ከምድር አንድ ስንዝር ያህል ከፍ እንዲል ተደረገ፤ ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ነው። አፈሩ በደንብ ከተብላላ ፍግና ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ደቀቀ። ዘሩ በ10 ሳንቲ ሜትር ልዩነት በተሠመሩ ጠባብ ቦዮች ሳስቶ ተዘራ፤ ጥልቀቱ ከአንድ ጣት ስፋት አይበልጥም። በላዩ ሣር ተነጠፈ። ከዘሩ እኩሌታው ብቅ እንዳለ ሣሩ በዚያው ቀን ተነሥቶ ከመደቡ በላይ በአጭር እንጨት ላይ እንደ ትንሽ ዳስ ተረበረበ፤ ጠዋት ይገለጣል፤ ወደ ማታ ይመለሳል። ውኃ የሚጠጣው ጠዋት ብቻ ነው፤ ቅጠሉ ደርቆ እንዲያድር። ለይፋግ ሽንኩርት ይህ በቂ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ድካም አያስፈልገውም።

ፋንድያው የሚያስፈልገው ለቲማቲምና ለቃሪያ ነው፤ በደጋው ደግሞ ለሁሉም። አሠራሩ እንዲህ ነው። ስፋቱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ እንደ ቦታው፣ ጥልቀቱ ሁለት ስንዝር ተኩል የሆነ ጉድጓድ ይቈፈራል። ከጋጣ የወጣ ትኩስ የፈረስ ወይም የበቅሎ ፋንድያ ከጭድ ጋር ተቀላቅሎ፣ ውኃ ርከፍከፍ ተደርጎበት፣ እየተረገጠ ይሞላበታል። የአህያም ይሆናል። የላም እበት ግን ውኃው ስለሚበዛ እንደዚህ አይሞቅም። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ የጠላ ድፍድፍ እንደሚፈላ ከውስጥ መፍላት ይጀምራል፤ እጅ ቢያስገቡበት ያቃጥላል። በዚህ ጊዜ የዘራ ሰው ዘሩን ቀቀለው ማለት ነው። ሳምንት ያህል ታግሦ፣ እጅ ገብቶ ደስ የሚል ለብታ ሲሰማው፣ 15 ሳንቲ ሜትር ደቃቅ አፈር ይለብስበትና ይዘራበታል። ሙቀቱ ሦስትና አራት ሳምንት ይቆያል፤ ለችግኝም ከዚያ በላይ አያሻም። ማታ በሣር ክዳን ወይም፣ የሚገኝ ከሆነ፣ በእንጨት ቀስት ላይ በተወጠረ ነጭ ላስቲክ ይሸፈናል። ላስቲኩን ጠዋት ሳይገልጡ ወደ ሥራ የሄዱ እንደ ሆነ ግን በ6 ሰዓት ፀሐይ ችግኙ ተቀቅሎ ይጠብቃቸዋል። አንድ ነገር አደራ እንላለን፦ በፈረስና በአህያ ፋንድያ ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ዘር ይኖራል። እጅ ወይም እግር ላይ ቍስል ያለበት ሰው ፋንድያ አይርገጥ፤ ልጆችም በባዶ እግራቸው አይግቡበት፤ ከሥራውም በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግድ ነው።

ስለ ደጋው ስንናገር የራሳችንን አንድ ሌላ ነገር እናስታውሳለን። ከዓመታት በፊት በደጋ ባለች አንዲት ትምህርት ቤት ስናስተምር ከተማሪዎቻችን ጋር 200 የቲማቲም ችግኝ አሳደግን። ውኃ ለመቅዳት እንዲቀርበን ብለን የተከልነው ከጅረቱ አጠገብ፣ በረባዳው ስፍራ ነበር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ «እዚያ ብርዱ ይተኛል» አሉን። ፊዚክስ የተማርን ነንና ፈገግ ብለን አለፍን። በኅዳር መጨረሻ፣ ነፋስ በሌለበት በአንድ ጥርት ያለ ሌሊት አመዳይ ወረደ። ጠዋት ስንደርስ 200ውም ችግኝ በፈላ ውኃ እንደ ተነከረ ጥቁር ሆኖ ተንጠልጥሎ ነበር። ከዘበኛው ቤት ፊት፣ ከዳገቱ ወገብ ላይ የነበረው ጎመን ግን አንድ ቅጠል አልተነካም። «ብርድ እንደ ውኃ ነው፤ ወደ ታች ይወርድና ረባዳው ላይ ይቆማል» አሉን ሽማግሌው። የሚያስደንቀው ይህ ቃል ከፊዚክሱ ጋር አንድ መሆኑ ነው፤ የቀዘቀዘ አየር ከሞቀው ይልቅ ከባድ ነውና በሌሊት እየፈሰሰ ዝቅተኛውን ስፍራ ይይዛል። እኛ ሕጉን እናውቀው ነበር፤ እርሳቸው ግን ቦታውን ያውቁት ነበር።

ስለዚህ በደጋ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ከሸለቆው ወለል ይልቅ የዳገቱን ወገብ ይምረጡ፤ ከበላይ በኩል ያለ የድንጋይ ካብ ወይም ቍጥቋጦ አጥር የሚፈሰውን ብርድ ወደ ጎን ይመልሳል፤ ከበታች ያለ ድፍን አጥር ግን ብርዱን እንደ ግድብ ያቆመዋልና ይከፈት። አመዳይ በሚያሰጋበት ቀን መሬቱን በቀትር ውኃ ማጠጣት ይጠቅማል፤ የረጠበ አፈር ከደረቀው የበለጠ ሙቀት ይዞ ያድራልና። ጭስ ማጨስን ግን ብዙ አንተማመንበትም፤ የሚረዳው የእሳቱ ሙቀት እንጂ ጭሱ አይደለም፤ ለአንድ ጓሮም የሚፈጀው እንጨት ከቲማቲሙ ዋጋ ይበልጣል። በአጠቃላይ ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች አመዳይን አይችሉም። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርት ይችላሉ። ጎመንማ ብርድ ሲነካው በቅጠሉ ውስጥ ስኳር ስለሚያከማች ይጣፍጣል፤ የደጋ ጎመን ከቈላው ይበልጣል የሚባለው ከንቱ ወሬ አይደለም።

ችግኝ ከመደብ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው ይለመዳል። ውኃው ይቀነሳል፤ የሣሩ ዳስ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተገለጠ በመጨረሻ ጨርሶ ይነሣል። በምቾት ያደገ ችግኝ ድንገት ሜዳ ላይ ቢጣል ይጠወልጋል። እኛ ይህን ስናደርግ ከእናቱ ቤት ወጥቶ ደበሎ ለብሶ ወደ ጋይንት የሚሄደው የቆሎ ተማሪ ትዝ ይለናል፤ ያም ቢሆን መጀመሪያ ቅርብ ወዳለ የኔታ ይላካል እንጂ በአንድ ጊዜ ዙር አምባ አይወጣም። ከዚያ በኋላ አመሻሽ ላይ ወይም ደመና በዋለበት ቀን ይዛወራል፤ በሽንኩርትና በሽንኩርት መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ይተዋል።

የጎረቤታችን ችግኝ ኅዳር 14 ቀን ተዛወረ። ከመጀመሪያው ጥፋት የተረፉት ሁለት እፍኝ ችግኞችም በአንድ ጥግ ተተክለው ነበር፤ ከሌሎቹ ወፍረውና ቀድመው ስለ ነበር በእነርሱ እንመካ ነበር። በጥር ግን ራስ ማሰሩን ትተው አገዳ አወጡ፤ በጫፉም ነጭ አበባ ፈነዳ። ሽንኩርት ችግኙ ከእርሳስ ውፍረት ካለፈ በኋላ ብዙ ሳምንት ብርድ ሲመታው ክረምቱን ያሳለፈ ይመስለውና ዘር ወደ ማፍራት ይቸኩላል። ቀድሞ መዝራት ጥሩ ነው ብለን የጀመርነው ሰዎች ቀድሞ መዝራትም ልክ እንዳለው ከዚያች ጥግ ተማርን። ለይፋግና ለአካባቢዋ ከመስከረም እኩሌታ በፊት አንዝራ እንላለን፤ ዝናቡ ካልለቀቀም ከዚያም ይቆይ።

የቀረው ግን የካቲት መጨረሻ ላይ ቅጠሉን ጣለ። እናቲቱ ያን ጊዜ የሚያስቡት ስለ ሽሮው ብቻ አልነበረም። የኪዳነ ምሕረት ማኅበር አላቸው፤ ተራቸውም መጋቢት 16 ቀን 2017 ነበረ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ተራቸውን ሁለት ጊዜ ለሌላ ሰው አስተላልፈዋል፤ ሦስተኛ ማስተላለፍ በማኅበርተኛው ፊት ምን ያህል እንደሚከብድ ማኅበር ያለው ሁሉ ያውቃል። በዚያ ቀን ከጓሮው የወጣ ሽንኩርት የገባበት ምስር ወጥና ሽሮ፣ ጎመን፣ ከፋንድያው መደብ የተገኘ ቲማቲምና ቃሪያ በገበታው ላይ ነበር። ካህኑ ጸበሉን ባርከው ከተቀመጡ በኋላ ከማኅበርተኞቹ አንዷ፣ «እታለም፣ ይህን ሁሉ ሽንኩርት በዚህ ኑሮ ከየት ገዙት?» ቢሏቸው፣ የቤቱ እናት ፋኖስ አብርተው ሴቶቹን ሁሉ ወደ ጓሮ ይዘው ወጡ። ወንዶቹ ጠላው ፊት ብዙ ቆይተን ጠበቅናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስቱ ሴቶች ፋንድያ ፍለጋ ወደ እኛ ቤት መጥተው ነበር፤ ያለ ጊዜው መሆኑን ነግረን ለመስከረም ቀጠርናቸው።

በ2018 ዓ.ም. እናቲቱ መደቡን የሠሩት ያለ እኛ ነው። መስከረም 24 ቀን በደጃቸው ስናልፍ አፈሩ ደቅቆ፣ ሣሩ ታጭዶ ተቀምጦ አየንና፣ «እታለም፣ ቀኑ ዛሬ አይደለም ወይ?» አልናቸው። ወደ ጉና በኩል ቀና ብለው አዩና፣ «ደመናው ገና ነው መምህር፤ አራት ቀን ልቆይ» አሉን። መስከረም 28 ቀን ዘሩት።